ጋሼ አብዱልሀኪም ውሃቸውን እስኪያስረክቡ

ጋሼ አብዱልሀኪም ሱብሂን መስጊድ ሰግደው ሲወጡ ቤታቸው አይገቡም። በዚያው ቁልቁል ወደ ማሳቸው ይወርዳሉ። ዙሪያውን ይዞራሉ፣ የቦዩን አፍ ያያሉ፣ ድንጋይ ካላማራቸው ቦታ ይቀይሩለታል። ቁርስ ከዚያ በኋላ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘምዘም፣ "እኔን ያገባኝ መሬቷ ወጥ ስለማትሠራ ነው" እያሉ ይቀልዳሉ። ጋሼ አብዱልሀኪም ይህን ሲሰሙ አይቆጡም፤ ውሸት ነውም አይሉም።

መንደራችን ከሸዋ ሮቢት ወደ ጀውሃ ሲኬድ ከአስፋልቱ በታች ነች። ደጋ ዘንቦ የሚወርደው ወንዝ በአጠገባችን ያልፋል። በክረምት ጎርፉን ጠልፈን ማሽላችንን እናጠጣለን፤ በበጋ ደግሞ የቀረችውን ውሃ በቦይ ተራ ይዘን ሽንኩርትና ቲማቲም እናለማለን። በዚህ ሥራ ጋሼ አብዱልሀኪምን የሚያህል ሰው አልነበረም ይላሉ ትልልቆቹ። ጎርፍ ሲመጣ ድምፁን ከሰው ሁሉ ቀድመው የሚሰሙት፣ አካፋ ይዘው የሚሮጡትም እሳቸው ነበሩ። የቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት የተጣመመችው ግድብ ሲሠሩ ጎርፍ ያመጣው ግንድ መትቷቸው ነው። ታመው እንኳ አልተኙም፤ በግራ እጃቸው ጨርሰው ነው የገቡት ይባላል።

አባታቸው ብርቱ ሰው ነበሩ። አማርኛቸው ውስጥ አርጎብኛ ይገባ ነበር፤ ሲቆጡ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አርጎብኛ ይሆናል። መሬታቸውን ለማንም አልለቀቁም። ጋሼ አብዱልሀኪም አግብተው፣ ልጆች ወልደው፣ ጺማቸው ሸብቶም በአባታቸው መሬት ላይ አራሽ እንጂ ባለቤት አልነበሩም። አንድ ጊዜ ጥግ ላይ ጤፍ ልዝራ ብለው ቢጠይቁ አባታቸው፣ "እኔ ስሞት" ብለው መለሱላቸው። ሌላ ዓመት ስለ በሬ ቢጠይቁም መልሱ ያው ነበር። አባትየው ሲሞቱ፣ አላህ ይርሃማቸውና፣ ጋሼ አብዱልሀኪም አለቀሱ። ከለቅሶው ሲነሱ ግን ለእትዬ ዘምዘም አንድ ነገር ነገሯቸው፤ "እኔ ልጆቼን ሞቴን አላስመኛቸውም" አሉ።

ቃላቸውንም ጠበቁ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው እርሻውን አልፈለጉትም፤ አንዱ አዳማ የጭነት መኪና ይነዳል፣ አንዱ ሳዑዲ ነው። የቀረችው ፈይሩዝ ነች። ፈይሩዝ ያገባችው ጁነይድ የሚባል የማጀቴ ልጅ ነው። የጁነይድ ቤተሰብ ወንድማማች በዝቶባቸው መሬቱ ተሸንሽኖ ስላለቀ እሱ በየሰው ማሳ ሲሠራ ነው ያደገው። አግብቶ ወደ ሚስቱ መንደር ሲመጣ የእኛ ወጣቶች፣ "ሙሽሪት ሆኖ የመጣው እሱ ነው እንዴ?" እያሉ ሲያሾፉበት ከረሙ። እሱ ዝምተኛ ነው፤ ሲያሾፉበት እየሳቀ ያልፋል።

ጋሼ አብዱልሀኪም ሽማግሌ ሰብስበው፣ ልጆቻቸውን በስልክ አስማምተው፣ መሬቱን በስጦታ በፈይሩዝ ስም አዞሩት። በግ ታርዶ ዱዓ ተደረገ። ከዚያ ወዲያ በየደረሱበት የሚያወሩት ይህንኑ ሆነ። ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሳይቀር፣ "እኔ ሳልሞት ያወረስኩ ሰው ነኝ" ይላሉ። እውነትም ነው፤ በአካባቢው እንደሳቸው ያደረገ የለም።

ያላደረጉት ግን አንድ ነገር አለ። እኛ ጋ መሬትና ውሃ የሚሰጡት ለየብቻ ነው። መሬቱን ቀበሌ ይጽፈዋል። ውሃውን የሚያስረክበው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ ከአንድ ቦይ የሚያጠጡ ሰዎች ሁሉ ባሉበት የማሳውን የቦይ አፍ በእጁ ይዘጋል፣ ተቀባዩ ይከፍታል። የሚያስፈጽመው የውሃ አባቱ ነው። የውሃ አባት ማለት ገበሬዎቹ የመረጡት፣ ተራ የሚያከፋፍል ሰው ነው፤ የእኛ ጋሼ ደምሴ ናቸው። አንድ ሰው ውሃውን ካስረከበ በኋላ ያንን አፍ ያለ ፈቃድ ቢከፍት እንደ ማንኛውም ባዳ ይቀጣል። ቅጣቱ ከዋናው ቦይ ደለል ተሸክሞ ማውጣት ነው፣ ያውም ሰው ቆሞ እያየ። ላላስረከበ ሰው ግን ክልከላ የለም፤ በፈለገው ጊዜ መጥቶ ይከፍታል።

የበጉ ዕለት ጋሼ ደምሴ፣ ውሃውንስ መቼ ነው ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። "ይደርሳል፤ ውሃው የት ይሄዳል?" አሉ ጋሼ አብዱልሀኪም። በዓመቱም ጠየቋቸው፤ ያኔም ይደርሳል አሉ።

ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መውረዳቸው አልቀረም። ጁነይድ ማሳው ሲደርስ ማታ ያስተካከለው ነገር ተቀይሮ ያገኘዋል። ትልም ያወጣበትን ጠርዝ ሽማግሌው በዶማ ሌላ ቅርጽ አስይዘውት ይጠብቁታል። ለከብት ያስቀመጠው ሣር ወደ ሌላ ዛፍ ሥር ተዛውሯል። አማቱ ናቸው፣ ያውም መሬት የሰጡት አማት፤ ጁነይድ ምን ይላል? መልሶ ያስተካክላል፣ በማግስቱ ደግሞ ተቀይሮ ያገኘዋል።

ዘንድሮ ፈይሩዝና ጁነይድ ከማሽላው ይልቅ ማሾ የሚሉትን ጥራጥሬ ለመዝራት ወሰኑ። ማሾ ቶሎ ይደርሳል፣ ብዙ ውሃም አይፈልግም፤ መስከረም ላይ ከተነሳ መሬቱ ለሽንኩርት ችግኝ ይለቀቃል። ጋሼ አብዱልሀኪም አልወደዱትም። "ማሾ የነጋዴ እህል ነው" አሉ። "ለሰው እንጀራ አይሆን፣ ለከብት አገዳ የለው።" ከሁሉም በላይ የከበዳቸው የማሳው መራቆት ነበር። ማሽላ ሲሆን ሰው ከገባበት አይታይም፤ ማሾ ከጉልበት አያልፍም። ማሳቸው መሀል ቆመው አስፋልቱ ላይ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ታያቸው። በሕይወታቸው በክረምት ከዚያ ቦታ አስፋልቱን አይተው አያውቁም ነበር። ያም ሆኖ አልከለከሉም። ሰጥቻለሁ ብለዋልና።

ማሾው አማረ። መስከረም አጋማሽ ላይ ፍሬው መጥቆር ጀመረ። የማሾ ለቀማ የእጅ ሥራ ነው፤ ፍሬውን አንድ በአንድ ነው የሚለቅሙት፣ ከዘገየም በራሱ እየፈነዳ ይረግፋል። ፈይሩዝ ጎረቤቱን ለማግስቱ ለወንፈል ጠራች፣ እኛንም ጨምሮ። የዚያን ዕለት እሷና ጁነይድ ልጃቸውን ለማስከተብ ወደ ሮቢት ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ እኛ ጋ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ደጋው ግን ጠቁሮ ዋለ። የአስር ሶላት ሊሰገድ ሲል ወንዙ ማጉረምረም ጀመረ። ማሽላ ያለው ሰው ሁሉ አካፋውን ይዞ ሮጠ፤ የመስከረም መጨረሻ ጎርፍ ለማሽላ ወርቅ ነው፣ ፍሬ የሚሞላው በእሱ ነው። የመጣ ጎርፍ ዝም ብሎ ካለፈ ሽማግሌዎቻችን እንደ ኃጢአት ነው የሚቆጥሩት።

ጋሼ አብዱልሀኪም ለሶላት ውዱእ እያደረጉ ነበር። ድምፁን ሲሰሙ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጠው ተነሱ። እትዬ ዘምዘም የት ነው እያሏቸው አካፋቸውን ይዘው ወጡ። ማሳው ሲደርሱ ውሃው በዋናው ቦይ እየሞላ ያልፋል። ፈይሩዝና ጁነይድ የሉም። ጋሼ ደምሴ ራቅ ብለው ጠለፋው ላይ ናቸው፤ ሌላውም ሰው በየማሽላው ተበትኗል። ሽማግሌው ብቻቸውን አፉን ከፈቱት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያደረጉትን አደረጉ፤ ውሃውን ከላይ ወደ ታች እያስኬዱ፣ እንቅፋት እያነሱ፣ በየትልሙ እያከፋፈሉ። አንድ ጥግ ሳይቀር አጠጡት። ቀና ብለው የበቀለውን ምንነት ያዩ አይመስለኝም። እጃቸው ያየው ውሃውን ነው።

ባልና ሚስቱ ከባጃጅ ወርደው ሲመጡ ጋሼ አብዱልሀኪም እስከ ጭናቸው ጭቃ ሆነው ጠርዝ ላይ ቆመው ነበር። ፊታቸው ፈክቷል።

"አልሃምዱሊላህ፣ ደረስኩበት" አሉ። "እናንተ ባትኖሩም ደረስኩበት።"

ጁነይድ ማሳውን አየ። ጎርፉ ከነደለሉ ተኝቶበታል። የጫፎቹ ቅጠሎች ብቻ አለፍ አለፍ ብለው ብቅ ብለዋል። ጫማውን አውልቆ ገባና አፉን ዘጋ። ሲመለስ፣ "አባ፣ ወደ ቤት ይግቡ፤ ይበርድዎታል" አላቸው። ፈይሩዝ ልጁን እንዳዘለች ቁጢጥ ብላ አንድ እግር ማሾ ከጭቃው ነቅላ አየችና መልሳ አስቀመጠችው። ያኔ ነው ሽማግሌው ወደ ታች ያዩት።

በማግስቱ እንደ ቀጠሯችን ሄድን። ከላይ በኩል ውሃው ያልበረታበት ጥቂት ቦታ ስለነበር የቻልነውን ለቀምን። የቀረው ጭቃው ውስጥ ጎንቁሎ ነበር፤ ቀዩ ጭቃ ላይ ነጫጭ ጎንቁል ብቻ። ጋሼ አብዱልሀኪም ያን ቀን አልወረዱም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ግን ነገሩ የቀለለ መሰላቸው። ማንም አልጮኸባቸውም፤ ጁነይድም እንደ ወትሮው ሰላም ይላቸዋል። ለመጣው ሰው ሁሉ ጎርፍ ከአላህ ነው፣ ደለሉም ለመሬት መድኃኒት ነው ማለት ጀመሩ። መሬቱስ እውነት ነው፣ ደለል ይወዳል። አንድ ከሰዓት ጋሼ ደምሴ ጋ ሄደው ይህንኑ ነገሯቸው። ሁለቱ አብረው ያደጉ ናቸው፤ አንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ መስጊድ ይሂዱ እንጂ ጎርፍ ውስጥ ስንቴ አብረው ገብተዋል። ጋሼ ደምሴ የሞፈር ጫፍ እየጠረቡ ሰሟቸው።

"አብዱል፣ አባትህን ያኔ ምን ትላቸው ነበር?" አሏቸው።

"ምን እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ቢተዉኝ እል ነበር።"

"አባትህ ካንተ ይሻሉ ነበር። እሳቸው ሰጥቻለሁ ብለው አያውቁም።"

ጋሼ አብዱልሀኪም ተነስተው ሄዱ። ደህና ዋልም አላሉም።

ፈይሩዝ የመጣችው በዚያው ሳምንት ነው። እኔ እትዬ ዘምዘም ጋ ወንፊት ልዋስ ሄጄ ጓዳ ነበርኩ፤ ስለዚህ የሰማሁትን ነው የምጽፈው። አባቷ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ እሷ ቆማለች። ጁነይድ የአጎቱ ልጅ ካራቆሬ ባጃጅ ሊሰጠው ስለሆነ ሊሄድ መሆኑን ነገረቻቸው።

"ማንን አስፈቅዶ ነው የሚሄደው?"

"ማንን ያስፈቅድ አባዬ? እንግዳ እኮ ነው። እንግዳ ሲሄድ ደህና ሁኑ ነው የሚለው።"

"የምን እንግዳ? መሬቱ የናንተ ነው። በስምሽ ነው ያለው።"

"መሬቱን ሰጡን፤ አላህ ይስጥልን። ውሃው ግን እርስዎ እጅ ነው ያለው። ውሃ የሌለው ሰው እዚህ አገር ምን ገበሬ ነው?" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ማሾው ይተካል፤ ለከርሞ ይዘራል። እኛን ያቃተን ጠዋት ማሳችን ሄደን ምን እንደምናገኝ አለማወቃችን ነው። እሱ ከሄደ እኔም ልጄን ይዤ ነው የምከተለው። መሬቱን ለእኩል አራሽ ይስጡት።"

ሽማግሌው ለእኩል አራሽ አልሰጥም አሉ። ራሴ አርሰዋለሁ አሉ። እትዬ ዘምዘም እዚያው ጓዳ ከጎኔ ሆነው፣ "አንተማ ታርሳለህ፤ እስከ ቦዩ ለመድረስ ሁለት ዛፍ ሥር እያረፍክ" አሉ። ማንም አልሳቀም። ፈይሩዝ ሄደች። እሳቸው መደቡ ላይ እስከ መግሪብ ተቀመጡ። ወንፊቱን ይዤ ስወጣ ሰላም ብያቸው አልሰሙኝም።

ጥቅምት ሲገባ የቦይ ጠረጋ ነው። ከአንድ ቦይ የሚያጠጣ ቤት ሁሉ አንድ ሰው ይዞ ይወጣል፤ ደለሉ ይነሳል፣ የበጋ ተራ ይመደባል። ጁነይድ በዚያ ሳምንት ሊሄድ ልብሱን በፌስታል አዘጋጅቶ ነበር፤ ጠረጋውን ግን ሳልሠራ አልሄድም ብሎ ቆየ። ያልሠራ ቤት ተራ ስለሚያጣ ፈይሩዝን እንዳይጎዳት ነው።

ጠረጋው ተጋምሶ ሰው አረፍ ሲል ጋሼ አብዱልሀኪም መጡ። ነጭ ኮፍያቸውንና የጁምዓ ልብሳቸውን ለብሰዋል። ሥራ ሊሠሩ እንዳልመጡ ሁላችንም አየን። ጋሼ ደምሴን ጠሩና ውሃዬን ላስረክብ ነው አሏቸው።

ጋሼ ደምሴ ሰዉን አስነሱ። ሁሉም ወደ ማሳው የቦይ አፍ ሄዶ ዙሪያውን ቆመ። "ለማን ነው የምታስረክበው?" ብለው ጠየቁ፤ ደንብ ነው፣ መልሱ ቢታወቅም ይጠየቃል። ሁላችንም ፈይሩዝ የሚሉ መስሎን ነበር፤ መሬቱ በእሷ ስም ነውና።

"ለጁነይድ" አሉ።

ሰዉ ተያየ። አንድ ጎልማሳ ቀስ ብሎ፣ ለማጀቴው ልጅ ነው እንዴ አለ። ጋሼ አብዱልሀኪም ሰሙት። "ጠረጋ ላይ ሳየው የእኛ ቦይ ውስጥ ነው ያለው፤ የማጀቴን ቦይ ሲጠርግ አላየሁትም" አሉ።

ልብሳቸውን ሰብስበው ቦዩ ውስጥ ወረዱ። ቄጠማ ያለው ጭቃ እየቆረጡ አፉን መድፈን ጀመሩ። አልቀና አላቸው፤ አንዱን ሲደፍኑ በሌላው ያፈሳል። ጁነይድ ሊያግዛቸው ሲል ጋሼ ደምሴ ክንዱን ያዙት። ማስረከብ በአስረካቢው እጅ ብቻ ነው። ብዙ ቆየ። የጁምዓ ልብሳቸው እስከ ክርን ጭቃ ሆነ። በመጨረሻ ውሃው ቆመ፤ ማሳው በኩል ቦዩ ደረቀ።

ጁነይድ ገባና በአካፋ ከፈተው። ውሃው ገባ።

"እንግዲህ ስሙ" አሉ ጋሼ ደምሴ። "ከዛሬ ጀምሮ ያለ ጁነይድ ፈቃድ ይህን አፍ የከፈተ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አብዱልም ቢሆን፣ ደለል ይሸከማል።" ሰዉ ሳቀ። ጋሼ አብዱልሀኪምም ሊስቁ ሞከሩ፤ ከዚያ እጃቸውን ሊታጠቡ ዞር አሉ።

ጁነይድ ካራቆሬ አልሄደም። ቢያንስ ሽንኩርቱ እስኪነሳ እቆያለሁ ብሏታል ለፈይሩዝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ከዚያ በኋላ እናያለን ብሏል። ደለሉ የያዘው እርጥበት ስላለ ችግኙ በጣም ጥሩ ነው የያዘው። ለከርሞ ከጠርዙ ጋር ፓፓያ ሊተክሉ ያስባሉ፤ እኔም ዘር እንድታስቀርልኝ ነግሬያታለሁ።

ጋሼ አብዱልሀኪም አሁንም ከሱብሂ በኋላ ይወርዳሉ። ግን ጠርዙ ላይ ቆመው አይተው ይመለሳሉ። አንድ ጠዋት ሲደርሱ የቦዩ አፍ በጎን በኩል ተሸርሽሮ ውሃ ወደ ችግኙ መደብ እየፈሰሰ ነበር። በእጃቸው አንድ እፍኝ ጭቃ ቢያደርጉበት ይቆም ነበር። እሳቸው ግን ዞረው እስከ ጁነይድ ቤት ሄዱ፤ መንገድ ላይም አረፉ። ጁነይድ ሲሰማ አካፋውን ይዞ ተነሳ።

"አባ፣ እዚያው ለምን አልደፈኑትም?"

"አፉ ያንተ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ደለል አልሸከምም።"

"የተከለከለው መክፈት እኮ ነው። መድፈን አልተከለከለም።"

"እሱን ደምሴን ልጠይቀው" ብለው ወደ ላይ ወጡ። ጁነይድ ወደ ማሳው ሮጠ።

ጋሼ ደምሴ ጥያቄውን ሰምተው፣ "እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፤ ባለ ውሃውን ጠይቀው" አሏቸው።

ጋሼ አብዱልሀኪም ተመልሰው ወረዱ። ጁነይድ አፉን ደፍኖ፣ ከመደቡ ላይ የተረፈውን ውሃ በትልም እያስወጣ ነበር። ሲፈስ ባየው መድፈን እችላለሁ ወይ ብለው ጠየቁት። ጁነይድ ቀና ብሎ አያቸው፤ መድፈን ይችላሉ አላቸው።